ለተቆጣነው ሰው ዱዓ ያደረግንበት ሰልፍ

ከቆቦ የወጣሁት ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝቼ ናይሮቢ እርሻ ላጠና ነው። እናቴ ጭኮ ቋጥራ እስከ መናኸሪያ ሸኘችኝ።

"ግጥም ስትለቅሚ ትምህርቱን እንዳትረሺው!"

"እማ፣ ግጥምም ትምህርት ነው።"

"በይ ሂጂ፣ ምላስሽ መቼም አይደክመው።"

ሮቢትንና ጎብዬን አልፈን ወልድያ እስክንደርስ ግራና ቀኙ ማሽላ ነበር። አዲስ አበባ አድሬ ወደ ሞያሌ ስወርድ አገሩ እየደረቀ ሄደ። ከድንበሩ ማዶ ግመሎች አየሁ። አፋሮች ወደ ቆቦ ገበያ የሚነዷቸውን ስለመሰሉኝ ባዕድ አገር መግባቴን ለጥቂት ጊዜ ረሳሁት።

ናይሮቢ

ከተማዋ ብርድ ናት፤ ይህን ማንም አልነገረኝም። የኮሌጁ ምግብ ኡጋሊ የሚሉት ከበቆሎ ዱቄት የሚሠራ ድፍን ገንፎ ነው፣ ከጎመን ጋር። መጀመሪያ አልወረደልኝም። ወጥ ቤት የምትሠራው ማማ ንጄሪ አይታኝ ባቄላ ጨመረችልኝ። ረመዳን ሲገባ ደግሞ ማፍጠሪያዬን በሳህን ከድና ታቆይልኝ ጀመር። እሷ ክርስቲያን ናት። ለወሎ ልጅ ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ እዚያ ማግኘቴ ግን እንባዬን አመጣው።

በሁለተኛው መንፈቅ ኮሌጁ ምግብ ቤቱን ለአንድ ድርጅት ሊሰጥ፣ ማማ ንጄሪንና ጓደኞቿን ሊያሰናብት መሆኑን ሰማን። ተማሪው ሰልፍ ወጣ። የክፍሌ ልጅ ኦቲዬኖ ጊታሩን ይዞ ከፊት ቆመ፤ በየቀኑ የዳይሬክተሩን መላጣና መኪና የሚያነሳ ዘፈን እያወጣ አሳቀን። እኔም አጨበጨብኩ። ዳይሬክተሩ መስኮቱን ዘጋ።

በመጨረሻ የኦቲዬኖ ድምፅ ተዘጋ። "ገጣሚ ነኝ አይደል የምትይው? ምሪን!" ብሎ ገፋኝ።

የማውቀው ከእናቴና ከሰፈሩ ሴቶች የተማርኩትን የመንዙማ ዜማ ነው። ስለ ማማ ንጄሪ ቃል እየፈጠርኩ አወረድኩ፤ ተማሪዎቹ እየተቀበሉ "ሃኪ! ሃኪ!" አሉ፣ በስዋሂሊ መብት ማለት ነው። አንዱ የፕላስቲክ ባልዲ ደፍቶ እንደ ድቤ መታው። ግቢው ተንቀጠቀጠ።

በእኛ አገር ሴቶች ሰው ሲበድላቸው ተሰብስበው ያዜማሉ፣ ዱዓ ያደርጋሉ። ለበደላቸውም ሰው ሳይለምኑ አይነሱም። ዜማው ሲያልቅ እጄ በልማድ ተዘረጋ። "ያ አላህ፣ ለዳይሬክተሩ ጤና ስጠው፤ ልጆቹን አሳድግለት፤ ልቡን አራራልን" አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማው በእንግሊዝኛ። ሙስሊሞቹ የሞምባሳ ልጆች "አሚን!" አሉ። ሌላውም ተከተለ።

ኦቲዬኖ በዚያ በተዘጋ ድምፁ ጮኸ። "ምን ነካሽ? ልንጥለው ወጥተን ትመርቂዋለሽ?"

ማማ ንጄሪ ጭልፋዋን ቀሰረችበት። "አንተ ዝም በል፣ ሥራዬን የማጣው እኔ ነኝ። አሚን በል!"

አሚን አለ፣ እያጉረመረመ።

መስኮቱ ተከፈተ። ዳይሬክተሩ ወርዶ በራፍ ላይ ቆመ። "ስታነሱኝ ሰማሁ። ዛሬ ደግሞ ምን ብላችሁ ሰደባችሁኝ?"

ያልኩትን ቃል በቃል ደገምኩለት። ለማማ ንጄሪ ወንበር እንዲመጣላት አዘዘ። እዚያው ደጁ ላይ ተነጋገሩ። ሴቶቹ በሥራቸው የሚቀጥሉበትን ውል ከድርጅቱ ጋር ለመዋዋል እንደሚሞክር፣ መልሱንም በእረፍት ወቅት እንደሚያሳውቅ ነገራት። ቃል ብቻ ነበር። ለእረፍት ወደ አገሬ ስነሳ ማማ ንጄሪ ለስንብት ስታቅፈኝ ትከሻዋ እንዴት እንደደከመ ተሰማኝ።

ቆቦ

ሙቀቱ ከጎብዬ ጀምሮ በሚኒባሱ መስኮት ተቀበለኝ። ሮቢት ላይ ረዳቱ "ከውጭ የመጣሽው፣ ሻንጣሽ ከበግ ይከብዳል!" ሲል ተሳፋሪው ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ቤት ደርሼ ለእናቴ ሁሉንም አወራኋት። ስልኬን በየደቂቃው ስነካካ "ተይው፣ ይቃጠላል" አለችኝ።

የኦቲዬኖ የድምፅ መልእክት የመጣው በሳምንቱ ነው። ከኋላው የሴቶች እልልታ ይሰማል። "ፈረሙ! ሁሉም ይቀጥላሉ! ግን እወቂ፣ ያሸነፈው የእኛ ጩኸት እንጂ ያንቺ ዱዓ አይደለም።"

ተርጉሜ ለእናቴ ነገርኳትና ያሸነፈው የማን ይመስልሻል አልኳት።

"እሱ ባይጮህ ሰውየው መስኮቱን መች ይዘጋ ነበር? አንቺ ባትለምኚ መች ይከፍት ነበር? በይ አልሐምዱሊላህ በይ፤ ለልጁም ማር በትኩስ ወተት ይጠጣ ብለሽ ላኪበት፣ ጉሮሮው ያሳዝናል።"

ላክሁበት። ሰው ለተቆጣውም ዱዓ ማድረግ እንደሚችል ናይሮቢ ድረስ ሄጄ ተማርኩ፤ አስተማሪዎቼ ግን ግማሾቹ እዚሁ ቆቦ ነበሩ።