አባየ ያልጫኑት ቁልፍ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም፤ ደብዳቤም ቢሆን። ትምህርቴን ያቋረጥሁት ከስድስተኛ ክፍል ነው፤ ሰው ፊት ስናገርም ምላሴ ይተሳሰራል። ይህን የጻፍሁት ባለፈው ሳምንት ባንክ ቤት ያየሁት ነገር አላስቀምጥ ስላለኝ ነው።

ከባንኩ በር አጠገብ አንዲት ትንሽ ስክሪን ተተክላለች። «አገልግሎታችን እንዴት ነበር?» ትላለች፤ ከሥሯ አንድ የሚስቅና አንድ የተኮሳተረ ፊት አለ። ከእኔ ፊት የነበሩ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ከጧት ጀምሮ ሲጉላሉ አይቻለሁ፤ «ሲስተም የለም» እየተባሉ ሁለት ጊዜ ተመልሰዋል። ሲወጡ ዘበኛው «አባት፣ አስተያየት ይስጡ እንጂ» አላቸው። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው የሚስቀውን ፊት በአውራ ጣታቸው ተጫኑና «እግዜር ይስጥልን» ብለው ሄዱ። እኔ ተራዬን ትቼ ወጣሁ። ከመንገዱ ዳር ዘንባባ ሥር ትንሽ ቆሜ አለቀስሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዓመታት በፊት ነው፤ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ባሕር ዳር ከአንድ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ቤት በጽዳት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። አሠልጣኟ ሐያት ትባላለች፤ ወረታ ላይ ጨርቅ የሚነግዱ ሰዎች ልጅ ናት፤ በዕድሜ ብትበልጠኝ በጥቂት ነው። አፏ አያርፍም። ስታስተምር መጥረጊያዬን ይዤ ከበሩ ሥር ቆሜ እንደማዳምጥ ስታውቅ፣ ተማሪዎቹ ከወጡ በኋላ «ነይ ተቀመጭ፤ ቆመሽ የተማርሽው ይበቃል» ትለኝ ጀመር። የእንግሊዝኛውን ፊደል ከትምህርት ቤት አውቀዋለሁ። እሷ የምትጽፈውን የፕሮግራም ትእዛዝ፣ ቃሉ ባይገባኝም ቅርጹን እያየሁ እገለብጣለሁ።

የዚያ ዓመት መስከረም ሊያልቅ ሲል አባቴን፣ አባየን፣ ይፋግ እርሻቸው ላይ ሳሉ ጣላቸው። ሐኪሞቹ ስትሮክ ነው አሉ። ቀኝ እጅና ቀኝ እግራቸው አልታዘዝ አለ፤ ምላሳቸውም አብሮ። የምንለውን ሁሉ ይሰማሉ፤ ድምፅም ያወጣሉ፤ ቃል ግን አይሆንላቸውም። እናቴ ከሞተች ቆይታለችና፣ ከሆስፒታል ሲወጡ ዓባይ ማዶ ወደተከራየኋት አንዲት ክፍል አመጣኋቸው። ታናሽ ወንድማቸው አያ ሞላም አብሮን ተቀመጠ። አባየን ማጠብ፣ ማገላበጥና ልብስ መቀየር የእሱ ሥራ ነበር። እኛ ዘንድ ሴት ልጅ የአባቷን ገላ አታይም። የእኔ ሥራ አጥሚት ማፍላት፣ የቆሮሶ ዓሣ መረቅ መሥራትና ማጉረስ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ከአባየ ጋር ብዙ ተነጋግረን አናውቅም። በልጅነቴ ከእርሻ ሲመለሱ ብድግ እላለሁ፣ እጃቸውን አስታጥባለሁ፣ በቃ። አሁን ደግሞ እሳቸው መናገር አይችሉ፣ እኔ መጠየቅ አልችል፤ በዓይናቸው ሲከተሉኝ ክፍሏ ትጠበኛለች። አንድ ቀን ሐያትን እንዲህ ብዬ አማከርኋት፦

«አባየን እንዴት ነዎት ብሎ ስክሪን ላይ የሚጠይቅ መስኮት ልሥራላቸው?»

«ማነው የሚጠይቀው?»

«ኮምፒውተሩ። ሲጫኑት ይጮኻል፤ ማድ ቤት ሆኜ እሰማለሁ።»

«ለዚህ ለዚህማ ቃጭል አታንጠለጥይላቸውም? ወላሂ አንቺ ልጅ ጉድ ነሽ!»

«ቃጭል ምን እንደሆኑ አይነግረኝም» አልኋት። ያን ያህል መናገሬ ራሴንም ገረመኝ። ሐያት ሳቋን አቆመችና ከዕቃ ቤቱ ማጠፊያው የተሰበረ አሮጌ ላፕቶፕ አውጥታ ሰጠችኝ። ግድግዳ ካላስደገፉት ወደ ኋላ ይዘረጋል።

መጀመሪያ የጻፍሁት ስድስት መስመር ትእዛዝ ብቻ ነበር። ሳስነሣው መስኮቱ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ደግሜ አስነሣሁት፤ ያው ብልጭ፣ ያው ድርግም። ያበላሸሁት መስሎኝ እጄን ሰበሰብሁ።

«አላበላሸሽም» አለች ሐያት። «ክፈት አልሽው፣ ከፈተ። ሥራው አለቀ፣ ሄደ። ቁጭ ብለህ ጠብቅ መቼ አልሽው?»

ለካ መጨረሻ ላይ የሚጨመር አንድ መስመር አለ። እሱ ሲኖር መስኮቱ አይሄድም፤ ሰው እስኪነካው ይጠብቃል፤ ሲነኩት መልስ ይሰጥና እንደገና ወደ መጠበቁ ይመለሳል። ያን መስመር በጣም ወደድሁት። በማግሥቱ ቁልፍ ጨመርሁ፤ ብጫነው ብጫነው ዝም። «ቁልፉን ሰቀልሽው እንጂ ሲጫኑት ማንን እንደሚጠራ አልነገርሽውም» አለችኝ። ያንንም ነገርሁት። ከዚያ ደግሞ አማርኛው ባዶ ሣጥን ሣጥን ሆኖ ወጣ፤ እሱን እሷ አስተካከለችው። እንዲህ እንዲህ እያልን በሳምንቱ መስኮቱ ቆመ። ከላይ «አባየ፣ እንዴት ነዎት?» ይላል። ከሥሩ ሁለት ቁልፍ አለ፤ አረንጓዴው «እግዚአብሔር ይመስገን»፣ ቀዩ «አሞኛል»። አረንጓዴው ሲጫኑት አንዴ ጢጥ ይላል። ቀዩ እኔ መጥቼ እስካጠፋው ድረስ ይጮኻል።

አረንጓዴውን ስጽፍ ለአፍታም አላሰብሁም። እንዴት ነዎት ከተባለ ሌላ ምን ይባላል?

አባየ ማንበብ የለመዱት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ነው። ማውሱን ከግራ እጃቸው ሥር አደረግሁላቸው። ስክሪኑን ለረጅም ጊዜ ካዩ በኋላ አረንጓዴውን ተጫኑ። ጢጥ። ግማሽ ፊታቸው ፈገግ አለ። አያ ሞላ ከመደብ ላይ ተነሥቶ «እሰይ ወንድሜ! ልጅህ አፍ አበጀችልህ! እንግዲህ እንደ ድሮው ልትቆጣኝ ነው» እያለ አጨበጨበ።

ኅዳር ገባ። ጧት ጧት ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ቆዳ ይቆነጥጣል፤ ቀኑ ደግሞ ያነድዳል። ይፋግ ላይ ሩዙ ደርሶ ነበርና አያ ሞላ «ሊረግፍብን ነው፤ ሁለት ሳምንት ታገሡኝ» ብሎ ሄደ። ሥራዬን ግማሽ ቀን አደረግሁ። አባየን የሚያገላብጥ ሰው ግን አልቀረም፤ እኔ ብርድ ልብሱን አልገልጥም። ያን ሰሞን በመስኮቱ ተማምኜ ኖርሁ። ከማድ ቤት ሆኜ ጢጥ ሲል እፎይ እላለሁ፤ ሽንኩርቴን ወደ መክተፍ እመለሳለሁ። አንዳንዴ ሳላስበው ሁለት ሦስት ጊዜ ይጫኑታል። ጨዋታ የለመዱ መስሎኝ ብቻዬን እስቅ ነበር። እየጠሩኝ ይሆን? አሁን ሳስበው እንቅልፍ ይነሣኛል።

ምግብ ቀነሱ። ክፍሏ መሽተት ጀመረች፤ የእርጥበት ነው ብዬ በርና መስኮት ከፈትሁ። ግንባራቸው ሲቋጠር አይቼ አንድ ቀን አልጋው አጠገብ ቆምሁ። ልጠይቅ አፌን ከፈትሁ። አልወጣልኝም። ወደ ስክሪኑ በጣቴ ጠቆምሁ። አረንጓዴውን ተጫኑ።

በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ከጤና ጣቢያ አንዲት ሲስተር ልታያቸው መጣች። ገና ደጃፉ ላይ አፍንጫዋን ያዘች። ሄዳ ብርድ ልብሱን ስትገልጥ እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርሁ።

«ነይ እዪ» አለችኝ።

«አላይም።»

«የአባትሽ ቁስል ነው! ነይ አልሁሽ!»

አየሁ። የዳሌያቸው አጥንት ላይ፣ ከተኙበት በኩል፣ ጡጫዬን የሚያህል ጉድጓድ ነበር፤ ዙሪያው ጠቁሯል።

«ስንት ቀን ሆነው?»

«አላውቅም… ደህና ነኝ ይሉኝ ነበር» ብዬ ላፕቶፑን አሳየኋት። ሲስተሯ መስኮቱን አነበበች። ወደ አባየ ዞራ «አባት፣ ይሄ ሁሉ ቁስል አያምዎትም?» አለቻቸው። ግራ እጃቸው ማውሱን ፈለገ። ጢጥ አለ፤ አንዴ።

«ተይው» አለችኝ ሲስተሯ ቀስ ብላ። «እኔ እንግዳዋ ስጠይቃቸው እንኳ አሞኛል አላሉም። ለልጃቸው እንዴት ይበሉ?»

በዚያው ቀን ሆስፒታል ተኙ። እኔ ላፕቶፑን ታቅፌ ወደ ሐያት ሮጥሁ። አረንጓዴውን ቁልፍ አጠፋሁት። በምትኩ «የት ላይ ያመዎታል?» ብዬ ከሥሩ «ራሴን»፣ «ጎኔን»፣ «ዳሌዬን»፣ «እግሬን» የሚሉ አራት ቁልፎች ደረደርሁ። በጥድፊያ ስጽፍ መስመሩ ሁሉ ይሳሳትብኛል። ሐያት እየተከተለች ታርምልኛለች። «አሁን ደህና ነኝ ማለት አይችሉም» አልኋት፤ የተቆጣሁ ይመስል ነበር።

ላፕቶፑን በነጠላ ጠቅልዬ በባጃጅ ወሰድሁት። ከጎናቸው የተኛውን በሽተኛ የምታስታምም ሴት «እሰይ የኔ ልጅ፣ ፊልም ልታሳዪን ነው?» ብላ ሳቀች። መስኮቱን ከፍቼ ማውሱን ከእጃቸው ሥር አደረግሁና እንደ ልማዴ ወደ እግራቸው በኩል ፈቀቅ ብዬ ጠበቅሁ። አባየ አራቱን ቁልፎች አንድ በአንድ አነበቡ። ከዚያ ስክሪኑን ከዳር እስከ ዳር በዓይናቸው ፈተሹ። የሚፈልጉት የለም። መስኮቱ ይጠብቃል፣ እኔም እጠብቃለሁ። ምንም አልተጫኑም። እጃቸውን ከማውሱ አነሡና የላፕቶፑን ክዳን ገፉት። ማጠፊያው ስለተሰበረ አልከደን አላቸው። ደግመው ገፉት፤ ወደቀ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው አፋቸውን ማንቀሳቀስ ጀመሩ።

የተናገሩትን ከመጻፌ በፊት ሌላውን ልጨርስ። አባየ ጥር ሲገባ ዐረፉ፤ ቁስሉ ደማቸውን መረዘው። አያ ሞላ ጥፋቱን ወደ ራሱ ይወስዳል፤ «ሩዙ ቢረግፍስ ኖሮ» ይላል። ሰዎች «ዕድሜያቸው ነው» ይሉኛል። እኔ ግን የሆነውን አውቃለሁ። መስኮት የሚሰማው ሲነኩት ብቻ ነው፤ ከዚያም የሚለው እኔ የጻፍሁለትን ነው። ፊትን አያይም፣ ሽታ አያውቅም፣ ግንባር ሲቋጠር አይጠራጠርም። እነዚህን ሁሉ ማድረግ የምችለው እኔ ነበርሁ፤ አፍሬ በእኔ ቦታ እሱን አስቀመጥሁት።

ዛሬ እዚያው ሐያት ዘንድ ለጀማሪዎች አሳያለሁ። መስኮታቸው ብልጭ ብሎ ሲጠፋ የጎደለውን መስመር በጣቴ እጠቁምላቸዋለሁ። አሁንም ዓይን አፋር ነኝ። አሁንም ሰው እንዴት ነሽ ሲለኝ ደህና ነኝ እላለሁ።

ያን ቀን አባየ ብዙ ደከሙ። ላብ አጠመቃቸው። ድምፁ ሁለት ሦስት ጊዜ ጉሮሯቸው ላይ ተሰበረ። ጆሮዬን ወደ አፋቸው አስጠጋሁ፤ በሕይወቴ ያን ያህል ቀርቤያቸው አላውቅም። ከታመሙ ወዲህ የተናገሩት ቃል ይኸው ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላም አልተናገሩም።

«አንቺ… ጠይቂኝ።»