ለድንጋይ የተነፋው ጥሩምባ

ማክሰኞ፣ አርብ ገበያ ከምትባለው መንደራችን። ከማለዳ ጀምሮ ያካፋል። ቤት ውስጥ እኔ፣ ልጄና ጎረቤታችን እትዬ ደብሬ ሆነን ገብስ እየለቀምን ነበር።

ልጄ ስልኳን አየች። «እማዬ፣ ሃምሳ አለቃ አረፉ ይላል» አለችኝ።

«የቱ ሃምሳ አለቃ?» አልኳት። ሌላ የማውቅ ይመስል።

እንዴት ልመን? ባለፈው አርብ እኮ ገበያ ላይ አግኝቻቸዋለሁ። ለዘር የሚሆን ባቄላ እያገላበጡ ሻጩን «ይኸ ነቀዝ የቀመሰው ነው» እያሉ ያደርቁታል። በሚሰማው ጆሯቸው በኩል ዞሬ ሰላም አልኳቸው።

«ደህና ነሽ? ዛሬም ሰው አልሞተም?» አሉኝ እንደ ልማዳቸው።

«አልሞተም» አልኳቸው።

ይህን ሰላምታቸውን ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁታል። ከየት እንደመጣ የምታውቁ ግን ጥቂት ናችሁ፤ ስለዚህ ልጻፈው።

ሃምሳ አለቃ አለባቸው በጃንሆይ ጊዜ የጦር መሐንዲስ ነበሩ። ሥራቸው ድማሚት ነው። በጦርነት ድልድይ ያፈርሳሉ፣ የተቀበረ ፈንጂ ያወጣሉ። በሰላሙ ጊዜ ደግሞ ለመንገድ ቋጥኝ ይንዳሉ። ወደኛ አገር የመጡትም ከመንደራችን ሥር ያለውን ገደል ለመኪና ሊቆርጡ ነው። ያኔ እሳቸው ጎረምሳ፣ እኔ ደግሞ የወተት ጥርሴ ገና ያልወለቀ ልጅ ነበርኩ።

መጀመሪያ ሳንቃ ላይ «አትቅረቡ» ብለው ጽፈው መንገዱ ዳር ተከሉ። ከካህናቱ በቀር ማን ያንብበው? ፍየሎች ታከኩበት እንጂ የተመለሰ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ድማሚቱ ሊፈነዳ ሲል ጥሩምባ እንዲነፋ ተባለ። ወታደር ቤት ጥሩምባ ሲነፋ ሁሉም ተጠንቀቅ ይላል።

እኛ ጋ ግን ጥሩምባ የሚነፋው ሰው ሲሞት ነው።

በመጀመሪያው ቀን የድማሚቱ ክር ተለኮሰ፣ ጥሩምባውም ተነፋ። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ የምታበጥረውን እህል ጥላ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች። እጄን ይዛ ወጣች። ከየደጁ ሰው ወጣ፤ አራሹ በሬዎቹን ከነቀንበራቸው አቁሞ መጣ። ማን እንደሞተ የሚያውቅ የለም። ቢሆንም ጥሩምባ ሰምቶ ቤቱ መቅረትማ ነውር ነው። እያለቀስን ድምፁ ወደመጣበት፣ ወደ ገደሉ ወረድን።

ሃምሳ አለቃ ከተከለሉበት ብቅ ብለው አዩን። «ተመለሱ! ኧረ በእናታችሁ ተመለሱ!» እያሉ ጮኹ። እኛ ከሩቅ የምናየው እጁን እያወናጨፈ የሚጮህ ሰው ነው።

«ወይኔ! የሟቹ ወንድም መሆን አለበት» አለች እናቴ። ሴቶቹ ለቅሶውን አባሱት። ሁላችንም እርምጃችንን አፈጠንን።

ያኔ እሳቸው ወደሸሹት ቋጥኝ ተመልሰው ሮጡ። የሚጨሰውን ክር ድማሚቱ ከተቀበረበት ከየጉድጓዱ እየነቀሉ ጣሉ። የመጨረሻው ግን ነድዶ ወደ ውስጥ ገብቷል። ድማሚቱን ራሱን በእጃቸው መዝዘው አወጡና ወደ ገደሉ ወረወሩት። አየር ላይ ፈነዳ። እናቴ በላዬ ተደፋችብኝ። ከዚያ የማስታውሰው የነጠላዋን ሽታና ጭር ማለቱን ነው።

አቧራው ሲገለጥ ሃምሳ አለቃ መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ ከግራ ጆሯቸው ደም ይወርዳል። የደብራችን አለቃ ቀረብ ብለው፣

«ልጄ፣ የሞተው ማን ነው?» አሏቸው።

«ማንም አልሞተም፣ አባ!»

«ታዲያ ጥሩምባው ለማን ነው የተነፋ?»

«ለድንጋይ!»

ከሴቶቹ መሐል አስለቃሿ ነጠላዋን እያራገፈች «እንዴ! ድንጋይ ሞተ ብላችሁ ነው አገር የምታስለቅሱ?» አለች። በዚያ ድንጋጤ ላይ ሰው ሁሉ ሳቀ። እሳቸውም ጆሯቸውን እንደያዙ ሳቁ። በዚያ ጆሮ ግን ዳግም አልሰሙበትም።

ከዚያ ወዲህ የድማሚቱ ጥሩምባ ቀረ። ፍንዳታ ባለ ቁጥር ሃምሳ አለቃ በጠዋት ተነስተው፣ ጆሯቸው በጨርቅ እንደታሰረ፣ በየደጁ ይዞራሉ። «ዛሬ ሰው አልሞተም፤ ከቤት አትውጡ!» ይላሉ። አዛዣቸው ሌላ ወታደር ልላክ ቢላቸው እምቢ አሉ አሉ። «የምለኩሰው እኔ ነኝ። እያንዳንዱ ቤቱ መግባቱን በዓይኔ ሳላይ አልለኩስም» ብለው። መንገዱ እስኪያልቅ ከመንደራችን አንድ ሰው አልተቧጨረም። ሲያልቅም ወደ ጦራቸው ተመለሱ። ጡረታ ሲወጡ ግን የመጡት እዚሁ ነው፤ ሚስታቸውንም ያገኙት ከኛው መንደር ነው።

ያችን ሳንቃ እናቴ አምጥታ የዶሮ ቤት መዝጊያ አደረገቻት። ትምህርት ቤት ያልገባሁት እኔ መጀመሪያ የለየሁት ፊደል እሷ ላይ ያለውን ነው። ከዚያ በስኳር ወረቀት፣ በሳሙና ካርቶን ቀጠልኩ። ይህን የምጽፈውም በዚያው ዕውቀት ነው።

አንድ ጊዜ «ወደኛ መሮጥ ሲችሉ ለምን ወደ ድማሚቱ ሮጡ?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር።

«አንቺ ደግሞ! ለቀስተኛ ተመለስ ቢሉት ይመለሳል? ከናንተ ጋር ከመከራከር ድማሚቱ ይሻላል» ብለው ሳቁ። ቀጥለውም ቀስ ብለው «እኔ የለኮስኩትን ማን ያጥፋልኝ?» አሉ።

እዚህ ድረስ የጻፍኩት ትናንት ነው። አሁን ከቀብር ተመልሻለሁ።

ሃምሳ አለቃ፣ ዛሬ ጠዋት ካፊያው አባርቶ ነበር። የገብሱን ሰፌድ ይዤ ደጅ እንደተቀመጥኩ የቀብርዎ ጥሩምባ ተነፋ። ሰፌዱን አስቀምጬ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለበስኩ። እርስዎ በቆረጡት መንገድ ወረድኩ። ገደሉ ጋ ስደርስ፣ ምን እንደጠበቅሁ እንጃ፣ ቆም አልኩ። ተመለሱ ብሎ የጮኸ የለም። እናቴ ያኔ አልቅሳልዎት ነበር፤ እኔ ዛሬ አለቀስኩልዎት። አፈርም አለበስንዎት።

በሰላም ይረፉ፣ ጋሼ። ሰው ሁሉ ከቀብርዎ ቤቱ ገብቷል።