ሃምሳ ሳንድዊች ለታራዴል

በሌላ ቦታ ሳንድዊች ማለት በሁለት ቁራጭ ዳቦ መካከል የገባ ምግብ ነው። ካናዳ፣ ካልጋሪ ባለው በእኛ ቤተ ክርስቲያን ግን «ሳንድዊች ታዟል» ከተባለ ሰው ሞቷል ማለት ነበር። የነዳጅ ዋጋ ሰማይ ነክቶ በነዳጅ ከተማዋ ሥራ የበዛበት፣ ሁሉም ደብል ሺፍት የሚሠራበት ጊዜ ነበር። ለቀስተኛው ትንሽ ተቀምጦ ወደ ሥራው ይሮጣል፤ ሳህን ይዞ የሚቆይ የለም። ስለዚህ ለልቅሶ ቤት ሁሉ እትዬ ውድነሽ ሳንድዊች ይሠሩ ነበር።

ሥራቸውም ይኸው ነው። መሃል ከተማ፣ አንድ የነዳጅ ኩባንያ ሕንፃ ውስጥ ለስብሰባ የሚቀርበውን ያዘጋጃሉ። ለእኛ ሲሆን ማዮኔዙ ላይ ሚጥሚጣ ይጨምራሉ። ጆኒ የሚባል የትራክ ሹፌር አባቱ በሞቱ በሦስተኛው ቀን፣ «እትዬ፣ ይሄን ለመብላት የግድ ሰው መሞት አለበት?» ብሎ ለቀስተኛውን አስቆታል።

እኔ ታራዴል የሚባል ሰፈር ያለውን የቤታቸውን ምድር ቤት ተከራይቼ ነበር። አዲስ አበባ ሁለት ሰዎች ቀርተውባቸዋል፤ በሽተኛ እናታቸው እማማ አበበችና የአሥራ ሦስት ዓመት ልጃቸው ምሥራች። የልጅቷ መምጫ ወረቀት ከአምስት ዓመት ጥበቃ በኋላ ተጠናቆ ሊወጣ ተቃርቦ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ፀደንያ ደወለች። እዚሁ የተወለደች፣ የቤተ ክርስቲያኑን ምግብ የምታስተባብር ወጣት ናት።

«እትዬ፣ ለነገ ጠዋት ሲክስ ላይ ሃምሳ ሳንድዊች፣ ፕሊስ።»

«የማን ቤት ነው?»

«ስሙን አልነገሩኝም። ያ መርዶ የሚሉት ነገር ነው፤ ላይክ፣ ሰርፕራይዝ... ኖ፣ ሶሪ! ገና አልተነገራቸውም ለማለት ነው። ጋሼ ዘነበ አድራሻውን ብቻ ቴክስት አደረጉልኝ።»

«እስቲ አንብቢልኝ።»

ፀደንያ የመንገዱን ስም፣ ቀጥላም የቤቱን ቁጥር አነበበች። የእትዬ ውድነሽ ቤት ነበር፤ ፀደንያ አድራሻቸውን አታውቅም። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ጋሽ ዘነበ ምግቡን ከሱቅ እንድትገዛ ነግረዋት ኖሯል፤ እሷ ግን እንደ ልማዷ ለእትዬ ውድነሽ ደወለች።

«እትዬ? ሰሙኝ?»

«ሰምቻለሁ። ሃምሳ» አሉና ስልኩን ዘጉ።

ወደ አዲስ አበባ ለመደወል የስልክ ካርዳቸውን አወጡ፤ መልሰው አስቀመጡት። ካልደወሉ ሁለቱም በሕይወት አሉ። ዳቦ ገዝተው መጡና ሥራ ጀመሩ። እኔ ድስት ልዋስ ከምድር ቤት ስወጣ ጠረጴዛው በሳንድዊች ሞልቷል።

«የማን ልቅሶ ነው?» አልኳቸው።

«ነገ ይነግሩናል» አሉኝ፣ ቀና ሳይሉ።

በማግስቱ ጋሽ ዘነበ ከሽማግሌዎቹ ጋር ሲመጡ እትዬ ውድነሽ ጥቁር ለብሰው በሩን ከፈቱላቸው።

«የትኛዋ ናት፣ ጋሼ?»

«እናትሽ ናቸው፣ ውድነሽ። አይዞሽ።»

መሬት ላይ ወድቀው ደረታቸውን እየደቁ ጮኹ። አብረው የመጡት ሴቶች ይዘው ሊያነሷቸው አልቻሉም። የእናት ሞት ነው፣ እንዲህ ያደርጋል አልን።

ምሥራች ከመጣች ከወራት በኋላ፣ ልጅቷ ትምህርት ቤት እያለች፣ እትዬ ውድነሽ ለእኔ ነገሩኝ።

«ያን ዕለት ቲማቲም እየከተፍኩ ስጸልይ ነበር» አሉ። «እማዬ ትሁን፣ እማዬ ትሁን እያልኩ። አሁን ይቺን ልጅ ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል። ደስ ባለኝ ቁጥር ደግሞ እናቴን በእጄ አሳልፌ የሰጠሁ ይመስለኛል።»