ተንሳፋፊው ድልድይ ላይ ፍሬን የያዝኩ ዕለት

መኪና መንዳት ያስተማሩኝ ሰው አገር ቤት ሳሉ ሃያ ዓመት ሙሉ በአሰብ መንገድ ከባድ መኪና የነዱ ናቸው። ሲያትል ከመጡ በኋላ የአንድ ሆቴል እንግዶችን መኪና ፓርክ ያደርጉ ነበር። የተዋወቅነው ቤተ ክርስቲያን ነው። እኔ ያኔ ቡሪየን በምትባል ጎረቤት ከተማ ላውንደሪ ውስጥ እሠራለሁ፤ ሁለት አውቶቡስ ቀይሬ ነው የምደርሰው።

«ጋሼ፣ መንዳት ያስተምሩኝ» አልኳቸው አንድ እሑድ።

«ዝናብ ትፈሪያለሽ?»

«አልፈራም።»

«እንግዲያው ግማሹን ተምረሻል።»

ያ ጊዜ አሁን ሳስበው ሕልም ይመስለኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት በአሮጌ ቡናማ መኪናቸው ባዶ የፓርኪንግ ሜዳ ላይ እንዞራለን። የዝናብ መጥረጊያው ይመላለሳል፤ መስኮቱ በትንፋሻችን ይደበዝዛል። እሳቸው በለሆሳስ «ፍሪሲዮን... ማርሽ... ቀስ አድርገሽ ልቀቂው» ይሉኛል። ድምፃቸው እንቅልፍ ያመጣብኝ ነበር።

በስድስተኛው ሳምንት «ዛሬ ሐይቁን በድልድዩ እንሻገራለን» አሉኝ። ድልድዩ መሃል ስንደርስ ነው የነገሩኝ።

«ድልድዩ ከሥሩ ምሰሶ የለውም እኮ። እንደ ጀልባ ውኃው ላይ ነው የተቀመጠው።»

በግራም በቀኝም ጭጋግ ነበር። ሰማዩና ሐይቁ የት ላይ እንደሚለያዩ አይታወቅም። መንገዱ ከሥሬ ሲተነፍስ የሰማሁት መሰለኝ፤ እግሬ ሳላዘው ፍሬኑ ላይ አረፈ። ከኋላ የሚጮኸው ክላክስ ከሩቅ፣ ከሌላ ሰፈር የሚመጣ ይመስል ነበር። «ልጄ፣ ንጂ እንጂ!» ሲሉኝ እንኳ ቶሎ አልነቃሁም።

እየተንፏቀቅን ከድልድዩ ወጥተን ብዙም ሳንርቅ ስፖኪዮው ውስጥ ሰማያዊ መብራት ሲሽከረከር አየሁ።

«ፑል ኦቨር አድርጊ» አሉኝ።

ዳር ይዤ ቆምኩ። ከዚያ አገር ቤት ሾፌሮች ሲያደርጉ ያየሁትን አደረግሁ። እዚያ ትራፊክ ሲያስቆም ሾፌሩ ነው ወረቀቱን ይዞ ወርዶ ወደ ፖሊሱ የሚሄደው። እኔም የልምምድ ፈቃዴን በሁለት እጄ ይዤ፣ ጎንበስ ብዬ ወደ ፖሊሱ መኪና መራመድ ጀመርኩ።

በድምፅ ማጉያ ጮኸብኝ። ከቃላቱ «ካር» የሚለውን ብቻ ያዝኩ። ወደ እሱ መኪና ነይ ያለኝ መስሎኝ እርምጃዬን አፈጠንኩ። በሩን ከፍቶ ወርዶ፣ አንድ እጁን ወገቡ ላይ አሳርፎ እንደገና ሲጮህ ባለሁበት ቆምኩ። በሌላው እጁ ወደ መኪናችን ሲጠቁም ነው የገባኝ። ተመልሼ ገባሁ።

ጋሼ ከተቀመጡበት አልተንቀሳቀሱም። እጆቻቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ወደ ፊት ብቻ ያያሉ።

ፖሊሱ በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ ለምን እንደዚያ ቀስ ብዬ እንደነዳሁ ጠየቀኝ። ያለችኝን እንግሊዝኛ ሰብስቤ «ድልድዩ ይንሳፈፋል። ዛሬ ነው የሰማሁት» አልኩት። እኔን አየ፣ ጋሼን አየ፣ ወደ ሐይቁ ዞር ብሎ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ቢጫ ወረቀት ጽፎ ሰጠኝ።

«ሁለተኛ ከመኪና እንዳትወርጂ» ብሎኝ ሄደ።

«ልይዝሽ ይገባኝ ነበር» አሉ ጋሼ። «እግሬ እምቢ አለኝ። አንዴ ኬላ ላይ አብሮኝ የሚነዳ ጓደኛዬ እንዳንቺ ወረቀቱን ይዞ ወርዶ ሄደ። አልተመለሰም።»

መሪውን ልለቅላቸው ከመቀመጫዬ ልነሳ ስል ያዙኝ። «አይሆንም። አንቺው ንጂ።»

ነዳሁ። በመንገድ ላይ ስለ አሰብ መንገድ በረሃ አጫወቱኝ። በቀትር አስፋልቱ ላይ ውኃ የተኛ ይመስላል፣ ሲቀርቡት ይሸሻል፤ እሳቸው ቀኑን ሙሉ ሲከተሉት ይውሉ ነበር።

ሰኞ ከሥራ አስፈቅጄ፣ ቢጫው ወረቀት ክስ መስሎኝ፣ የክት ቀሚሴን ለብሼ ፍርድ ቤት ሄድኩ። መስኮቱ ጋ ያለችው ሴት ቢጫውን ወረቀት አንብባ መለሰችልኝ።

«ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው። መምጣት አልነበረብሽም።»

«ታዲያ ምን ላድርገው?»

«ደስ ያለሽን።»

ጋሼ ምስክር እሆናለሁ ብለው፣ ከረባት አስረው በሩ ላይ ቆመዋል። «እና፣ ምን ፈረዱብሽ?» አሉኝ። ስነግራቸው መጀመሪያ የሳቁት እሳቸው ናቸው፤ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

መንጃ ፈቃዴን ያገኘሁት ዛፎቹ ሲያብቡ ነው። ፎቶው ላይ ዓይኖቼ ግማሽ ተከድነዋል፤ አሁንም የጋሼን «ቀስ አድርገሽ ልቀቂው» የምሰማ ይመስላል።