ማንሶክ ወደ ደቡብ ሲሄድ

ታክ ማንሶክ የእህቴ የኦክቡን ባል ነው። ከቤት በወጣንበት ጠዋት ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነበር፤ እኔ በዘጠኝ ዓመት አንሰዋለሁ። የለበሰው ወደብ ላይ መረብ ሲጠግን የሚለብሰውን ሰማያዊ ጃኬት ነው። በእጁ የያዘው ጫፉ ላይ የብረት መንጠቆ የታሰረበት ረጅም የቀርከሃ ዘንግ ነበር። ለምን እንደያዘው ሁለታችንም እናውቃለን።

ወደ ደቡብ የሚወርደው የባሕር ዳር መንገድ በእኛ ወደብ በኩል ያልፋል። በየጥዱ ቅርንጫፍ ላይ ለመንገደኛ ምልክት ቀይና ሰማያዊ ጥብጣብ ታስሯል። መጸው ሲገባ የሴኡል ሰዎች ቦርሳቸውን አዝለው፣ ሁለት ሁለት ምርኩዝ ይዘው፣ ለቀናት ይጓዙበታል። ማንሶክ ዕድሜውን ሙሉ ባሕሩ ዳር ኖሮ አንድ ቀን እንኳ በዚያ መንገድ ለመዝናናት ሄዶ አያውቅም።

በአሥራ አምስት ዓመቱ የፖላክ ዓሣ ጀልባ ላይ ወጣ። ፖላኩ ከባሕራችን ሲጠፋ ወደ ስኩዊድ ዞረ። በአርባ ሁለት ዓመቱ የገመድ መጎተቻው ሁለት ጣቱን ወሰደበትና ወደቡ ላይ ተቀምጦ መረብ መጠገን ያዘ፤ በስምንት ጣት ከባለ አሥሩ ይፈጥናል። ከኦክቡን የወለደው አንድ ልጅ ብቻ ነው፤ ሱንግቤ ይባላል። ሱንግቤ ከተማ ሄዶ የማቀዝቀዣ ጥገና ተማረ፤ ይሠራበት የነበረው ፋብሪካ ሲዘጋ በሠላሳ አራት ዓመቱ ወደ ቤት ተመለሰ። ስኩዊድ ጀልባ ላይ ቦታ የለመነለት አባቱ ነው። ለዚያ ሲል የጀልባዋን መረብ አንድ ወቅት በነጻ ጠግኗል።

ጀልባዋ በጨረቃ አቆጣጠር በሰባተኛው ወር አጋማሽ ሰጠመች። አምስት ሰው ነበረባት። ሁለቱ በሕይወት ወጡ፣ የሁለቱ ሬሳ ተገኘ፣ ሱንግቤ ግን አልተገኘም። የፍለጋ ጀልባዎች ለአሥራ አምስት ቀን ውሃውን አስሰው ተመለሱ።

የሞተበት ቀን ለማይታወቅ ሰው የመታሰቢያ ማዕድ የሚቀርበው በዘጠነኛው ወር በዘጠነኛው ቀን ነው። በመኸር በዓል የተሰበሰቡት ዘመዶች ይህንኑ አነሡ። የዘንድሮው ዘጠኝ እንዳያልፍ፣ ልጁ ሳይበላ እንዳይከርም አሉ። ኦክቡን ሰሃን እያነሣች ነበር።

«ማን አየው?» አለች።

ሰሃኖቹን መልሳ አስቀመጠች።

«አንድ በእጁ የነካው ሰው አምጡልኝ። ያን ጊዜ ማንም ሳያግዘኝ እኔው አበስላለሁ። እስከዚያ ግን ልጄን ቤቴ ውስጥ አትግደሉብኝ።»

 ማንሶክ ከአሥራ ስምንት ቀን በኋላ፣ ዘጠነኛው ወር በገባ በሦስተኛው ቀን፣ ዘንጉን አነሣ። በዚህ ወቅት የዳር ውሃ ወደ ደቡብ ይሄዳል የሚል እምነት ነበረው። ወደቡ ላይ ግማሹ አዎ ይላል፣ ግማሹ አይደለም ይላል። እስከ ዘጠነኛው ቀን ሄዶ ልጁን፣ ወይም ልጁን የነካ ሰው ሊያመጣላት ነው። እህቴ ምሳችንን በጨርቅ ቋጥራ ሰጠችኝና «አረማመዱን እየው፤ ተረከዙ ይቆስላል» አለችኝ። 

ቀን በቀን አሥራ አምስት፣ አሥራ ስድስት ኪሎ ሜትር ሄድን። ያለ ፍለጋው ከዚያ የበለጠ በሄድን ነበር። መንገዱ በጥድ ጫካ ውስጥ፣ በእንጨት ደረጃ ላይ፣ በወታደር አጥር ሥር ያልፋል፤ ከዚያ ወደብ ይመጣል። እያንዳንዱ ወደብ ማዕበል መስበሪያ አለው፣ ማዕበል መስበሪያው ደግሞ አራት እግር ካላቸው ትላልቅ የሲሚንቶ ድንጋዮች የተከመረ ነው። ባሕር የወሰደውን ነገር የሚሰነቅረው እነሱ መካከል ነው። ማንሶክ እየተንበረከከ ዘንጉን ወደ ክፍተቱ ይሰዳል፣ ይነካካል፣ ያወጣል፤ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። እኔ በጃኬቱ ጫፍ እይዘዋለሁ። የወጣው የመረብ ቁራጭ፣ ተንሳፋፊ ኳስ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ የሴት ጫማ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ደማቅ ልብስ የለበሱ ሁለት ሴቶች ከኋላችን ደርሰው ሲሠራ ቆመው አዩት።

«አባባ፣ ምን ይያዛል?» አለች አንደኛዋ።

«ኦክቶፐስ» አለ ማንሶክ።

«ስንት ያዙ?»

«እስካሁን ምንም።»

«ታዲያ ትልቁ ለእርስዎ ሊወጣ ነው ማለት ነው» ብላ ስልኳን ሰጠችው። ማዕበሉ ከኋላቸው ሲሰበር ፎቶ እንዲያነሣቸው ነው የፈለጉት። ሦስት ጊዜ አነሣቸው።

«አባባ፣ ሁለቱ ላይ ያለው የእርስዎ ጣት ነው።»

«አዎ፣ የቀሩትን ነው የማሳየው» አለ። ሴቶቹ እጁን አይተው ሳቁ፣ ከዚያ አፈሩ፣ ከዚያ ሁለት መንደሪን ሰጥተውን ሄዱ። መንደሪኑን ሲልጥ ፊቱን አየሁት። የተለወጠ ነገር አልነበረበትም።

ማታ ማታ መንገደኞች በሚያድሩባቸው ቤቶች አደርን። ተረከዙ በሁለተኛው ቀን ቆስሎ ነበር፤ ጨው ውሃ ውስጥ ይዘፈዝፈውና ጠዋት በጨርቅ ይጠቀልለዋል። ስለ ልጁ የተናገረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ በአራተኛው ቀን ምሽት፣ ሾርባችንን ስንጠጣ።

«ያን ጀልባ ባልለምንለት ምን ይሠራ ነበር?» አለኝ።

«ሌላ ጀልባ ያገኝ ነበር፣ ሕዮንግኒም።» ታላቄ ስለሆነ የምጠራው እንደዚያ ነው።

«ሌላዋ አልሰጠመችም» አለና ሾርባውን ጨረሰ።

በየወደቡ ዓሣ የሚሸጥበት አዳራሽ ገብቶ የሱንግቤ ፎቶ ያለበትን ወረቀት ያሳያል። ወረቀቱ ላይ ቁመቱ፣ ዕድሜው፣ ቢጫ የጎማ ሱሪ መልበሱ ተጽፏል። ሰዎቹ ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ያነቡታል፣ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ፣ አላየንም ይላሉ። በጉዟችን ስድስተኛ ቀን፣ ወሩ በገባ በስምንተኛው ማለት ነው፣ ኮክፎ በምትባል ትንሽ ወደብ ስድስት ሰው አነበበው። አንዱ፣ ፀጉሩ አጭር የሆነ ሽማግሌ ካፒቴን፣ አየት አድርጎ ወዲያው መለሰልን። እንዲያ መፍጠኑን ልብ ብዬው ነበር።

ከወደቡ ወጥተን ጥዱ ውስጥ እንደገባን ከኋላ ሞተር ሳይክል መጣ። ያው ካፒቴን ነው። ሞተሩን አጥፍቶ ወረደና ከእኛ አራት እርምጃ ያህል ርቆ ቆመ።

«ፕዮ እባላለሁ» አለ። «ወረቀቱ ላይ ቢጫ ሱሪ ብለው ጽፈዋል።»

«አዎ» አለ ማንሶክ።

«ቢጫ ሱሪ ሁላችንም አለን።»

«አዎ።»

«ጀርባው ላይ አንደኛው ማንገቻ አረንጓዴ ነበር?»

ማንሶክ ዘንጉን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስተኛው። ይህ ወረቀቱ ላይ አልተጻፈም።

«የመረብ ገመድ ነው» አለ። «ማንገቻው ሲበጠስ እኔ ነኝ የገመድኩለት። የት አዩት?»

ካፒቴን ፕዮ እጁን ወደ ባሕሩ ዘረጋ፣ ከዚያ መልሶ አወረደው። በስምንተኛው ወር በአምስተኛው ቀን፣ ጠዋት፣ ከወደቡ ስምንት ማይል ላይ ነው ያየው። ጀልባው ላይ ብቻውን ነበር። ውሃው የተኛ ነበር። መጀመሪያ ተንሳፋፊ መስሎት ተጠጋ፤ ሲጠጋ ሰው ነው፣ በፊቱ የተደፋ።

«አነሡት?»

«አላነሣሁትም።»

ባሕር ላይ ሬሳ ያየ ጀልባ አያልፍም። ይህን የማያውቅ በባሕራችን የለም። በግራ በኩል ያነሡታል፣ ሶጁ የሚባለውን አረቄ ያፈሱለታል፣ ወደ ቤቱ እንወስድሃለን ይሉታል። ፕዮ በአርባ ዓመት ሦስት ሰው እንዳነሣ ነገረን። ስማቸውንም ነገረን።

«ምራቴ ወሯ ገብቶ ነበር» አለ። «ከዚያ በፊት ሁለት ጽንስ ወርዶባታል። ሚስቴ ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆማ፣ ዛሬ የሞተ ነገር እንዳታይ ትለኝ ነበር። መንገድ ላይ የሞተ ድመት ካለ በሌላ በኩል እዞራለሁ። የሐዘን ቤት ስጠራ ታምሜያለሁ እላለሁ። የሞተ ነክቼ እንዴት እሷ ወዳለችበት ቤት እገባለሁ? መሪውን አዞርኩት። ሌላ ጀልባ ያነሣዋል አልኩ።»

«ለባሕር ጠባቂም አልደወልክም» አልኩት። እስከዚያ ድረስ ሁላችንም በአክብሮት ነበር የምናነጋግረው፤ አንተ ያልኩት እኔ ነኝ። «ማንሣቱ አሥር ደቂቃ ነበር የሚፈጅብህ።»

«አምስት» አለ። «ውሃው የተኛ ነበር። ከደወልኩ ደግሞ ና አሳየን፣ ና ፈርም ይሉኛል። በማግስቱ ተመልሼ ፈለግኩት። አልነበረም።»



«ልጁ ተወለደ?» አለ ማንሶክ።

«ተወለደ። ወንድ ነው። ሁለት ሳምንት አልሞላውም።»

«ደህና ነው?»

«ደህና ነው። ሌሊት አያስተኛንም።»

«እንኳን ደስ አለዎት» አለ ማንሶክ። ድምፁ ውስጥ ምሬት ፈልጌ ነበር፤ አላገኘሁም። ለምን አራት እርምጃ ርቆ እንደቆመ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ሕፃኑ ሦስት ሳምንት እስኪሞላው ከሞት ጋር የተነካካ ሰው ከማይጠጋው ቤት ነው የመጣው፣ እኛ ደግሞ የሞተ ፈላጊዎች ነን።

ፕዮ በጀልባው ወደ ቦታው ሊወስደን ፈቃደኛ እንደሆነ ተናገረ።

«እዚያ ምን አለ?» አለ ማንሶክ።

«ውሃ።»

«ውሃ ስናይ ነው የሰነበትነው። ያን ቀን ውሃው ወዴት ይሄድ ነበር?»

ፕዮ መሬት መሬት አየ። «ወደ ውጭ» አለ። «ወደ ደቡብ ምሥራቅ። በኃይል።»

ማንሶክ ራሱን ነቀነቀ። ስድስት ቀን ሙሉ ዘንግ የሰደደባቸው ድንጋዮች ሁሉ ከንቱ እንደነበሩ፣ የሚቀሩትም ከንቱ እንደሆኑ በዚያች ቃል ተረድቷል። ስልኩን አወጣ።

«አንድ ነገር ልለምንዎት» አለ። «ለሚስቴ ይንገሯት። ከእኔ አትሰማም። ካየው ሰው ትሰማለች።»

ፕዮ ስልኩን ለመቀበል እጁን አልዘረጋም። ማንሶክ ደውሎ የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረገና ጉቶ ላይ አስቀምጦት ወደ ኋላ ራቀ። ፕዮ ጠጋ ብሎ ተንበረከከ። ለእኛ የነገረንን ሁሉ ለእሷም ነገራት፣ ምንም አልቀነሰም። እህቴ ሳታቋርጥ አዳመጠችው።

«አንስተኸዋል?» አለች በመጨረሻ።

«አላነሣሁትም፣ እመቤቴ።»

«ነክተኸዋል?»

«አልነካሁትም።»

«ፊቱንስ?»

«የተደፋ ነበር።»

«ታዲያ ምን አየህ?»

«ማንገቻውን… አረንጓዴውን።»

«ሱንግቤ ያለውን ለሰው የሚሰጥ ልጅ ነው። ሱሪውን ለጓደኛው ሰጥቶት ቢሆንስ? አይተህ ዞርክ። የዞረ ሰው ምስክር ይሆናል?»

«እመቤቴ፣ በሃያ ቀኑ ነው ያየሁት…»

«ነክተኸው ቢሆን አምንህ ነበር» አለች። ድምፅዋ አልከበደም፤ ገበያ ላይ ዓሣ ስትመልስ የምትናገረው ዓይነት ነው። «ለምራትህ የባሕር አረም ሾርባውን ስጧት። ሥጋ አታብዙበት፣ ወተቷን ያወፍረዋል።» ስልኩ ተዘጋ።

ፕዮ እንደተንበረከከ ቀረ። ማንሶክ ስልኩን አንሥቶ ኪሱ ከተተና «ይሂዱ፣ ነፋሱ ይበርድዎታል» አለው።

በማግስቱ፣ በዘጠነኛው ቀን፣ አውቶቡስ ተሳፍረን ገባን። ዘንጉ በበሩ ስላልገባ ሾፌሩ በመስኮት እንድናስገባው ፈቀደልን። ስድስት ቀን በእግር የሄድንበትን በሁለት ሰዓት ከሩብ ተመለስንበት። ዘመዶች ለማዕዱ መጥተው ሳሎን ውስጥ ተቀምጠው ነበር። እህቴ እንደ እንግዳ ምሳ አቀረበችላቸው፤ በሉ፣ ስለ አየሩ አወሩ፣ ሄዱ። የሱንግቤ ማዕድ አልቀረበም።

ሰሃኖቹን ካጠበች በኋላ ባሏ አጠገብ ተቀመጠችና ተረከዙን ገልጣ አየችው።

«የት ነበር የደረሳችሁት?»

«ኮክፎ።»

«እንግዲህ ከዚያ ትቀጥላለህ።»

ውሃው ወዴት ይሄድ እንደነበር ፕዮ አልነገራትም፤ አልጠየቀችውማ። ማንሶክም አልነገራትም። እኔን አየኝ፣ እኔም ዝም አልኩ። ቁስሉ እስኪደርቅ አምስት ቀን ቆይቶ ብቻውን ሄደ፤ እኔ ሥራ ነበረብኝ።

ክረምቱን አንድ ሳምንት እየሄደ አንድ ሳምንት እያረፈ ከረመ። በየወደቡ ተንበርክኮ ዘንጉን ወደ ድንጋዮቹ ይሰዳል። ማንም አይይዘውም ነበርና ራሱን በገመድ ያስር እንደነበር በኋላ ሰማሁ። በፀደይ መጀመሪያ ደቡብ ጫፍ ላይ ያለችው ቡሳን ከተማ ደረሰ። መንገዱ የሚያልቅበት ምልክት አጠገብ ሰዎች ተቃቅፈው ፎቶ ይነሣሉ። እሱ ደውሎ «የሱንግቤ እናት፣ መንገዱ አለቀ» አላት። 

«ወደ ሰሜንም መንገድ አለ አይደል?» አለችው።

አለ። ከእኛ ወደብ ተነሥቶ እስከ ድንበሩ አጥር ድረስ ይሄዳል። ማንሶክ በዚያው ቀን የመመለሻ ቲኬት ቆረጠ።