ያልታጠበው ወፍጮ

ባንቺአየሁ ድንጋይ ስታይ አስቀድማ የምታየው ፊቱን ነው። ሌላው ሰው ድንጋይ ፊት አለው ብሎ አያስብም። እሷ ግን በማንኩሳ ዙሪያ ባሉ መንደሮች ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከቤት ቤት እየዞረች ወፍጮ ስትወቅር የኖረች ሴት ናት። የእጅ ወፍጮ ሲፈጭበት ይለሰልሳል፤ ሲለሰልስ ደግሞ እህሉ እየተንሸራተተ አልደቅ ይላል። ያን ጊዜ "ባንቺአየሁን ጥሩልኝ" ይባላል። እሷም በሁለት በኩል የሾለች የብረት መውቀሪያዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ ትመጣና፣ ጎንበስ ብላ ቀጭ ቀጭ እያደረገች ለድንጋዩ አዲስ ጥርስ ታወጣለታለች።

ሙያውን ያወረሷት አባቷ ናቸው። ሰከላ ውስጥ፣ ከግሽ ዓባይ ብዙም በማይርቅ ቀዬ ይኖሩ ነበር። ወንድ ልጅ አልነበራቸውምና ተራራ ለተራራ ድንጋይ ሲመርጡ ይዘዋት ይሄዳሉ። ለወፍጮ የሚሆነውን ከማይሆነው በድምፁ፣ በክብደቱና በጣት ጫፍ ስትዳብሰው እንድትለይ አስተማሯት። ያን ጊዜ ለጨዋታ ይመስላት ነበር። ኋላ አግብታ፣ ሁለት ልጅ ወልዳ፣ ባሏ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዶ በወባ ሞቶ ሲቀር፣ የቀራት ሀብት ያው ሙያና ያቺው መውቀሪያ ሆኑ።

አንዱን አዝላ፣ አንዷን በእጇ ይዛ ወደ ማንኩሳ የወረደች ለት የገበያ ቀን ነበር። የምታውቀው ሰው አልነበረም። ዋርካ ሥር ተቀመጠችና መውቀሪያዋን ፊቷ አኖረች። ሲመሻሽ አንዲት ደልደል ያሉ ሴት መጥተው ቆሙ። እመት ይታገሱ ይባላሉ።

"ይኼን ነገር ታውቂበታለሽ ወይስ ለጌጥ ነው?" አሉ።

"አውቅበታለሁ፣ እመት።"

ቤታቸው ወስደው ወፍጯቸውን አሳዩዋት። ወቀረችው። ስትጨርስ እመት ይታገሱ መዳፋቸውን አሳለፉበት። አንድ እፍኝ ዳጉሳ አምጥተው ፈጩበት፤ ዱቄቱን በጣታቸው አሹት።  በመጨረሻ እመት ይታገሱ ልጆቹን ዘወር ብለው አዩና፣

"አሁን ወዴት ነሽ?" አሏት።

"እግሬ ወደመራኝ።"

"እግርሽ ደክሞታል፤ ምን ይመራል?" አሉና የጥጃ ቤቱን ጠርገው ሰጧት።

በዚያ የጥጃ ቤት አራት ዓመት ኖረች። ከዚያ በእመት ይታገሱ ጓሮ ጥግ የራሷን ጎጆ ቀለሰች። ልጆቿ የሰው ቤት እንጀራ በልተው፣ ከሰው ልጅ እኩል ተምረው አደጉ። ልጇ ያምሮት ዛሬ ቡሬ የጤና ባለሙያ ናት፤ ወንዱም ፍኖተ ሰላም ልብስ ይሰፋል። የሞተር ወፍጮ ቤት ሲከፈት ሥራዋ ሳሳ። ያም ሆኖ ሽሮውና በርበሬው፣ ኑጉና በሶው ከእጅ ወፍጮ ስላልወጡ፣ ባንቺአየሁ ጭራሽ ሥራ ፈት አልሆነችም። ብቻ አንዳንዱ ወጣት ሲያያት "ድንጋይ ቀጥቃጯ" ይላል። ሰምታ እንዳልሰማች ታልፋለች።

አምና በጥር፣ አገሩ ሁሉ ለእርከን ሥራ ወጣ። ወንዱ ይቆፍራል፤ ሴቱ ድንጋይ ያቀብላል። ከአያ ገነነ ማሳ በላይ ያለው ተዳፋት ላይ ሲቆፈር፣ ወገብ በሚያህል ጥልቀት የአያ ገነነ ዶማ አንድ ትልቅ ድንጋይ መታ። በመፈንቀያ አውጥተው ገለበጡት።

"ይኼማ ለመሠረት ነው፤ ለሁለት ከተፈለጠ ደግሞ ይበቃናል" አሉና አያ ገነነ መዶሻ ጠየቁ።

ባንቺአየሁ የያዘችውን ድንጋይ ጥላ ሮጠች። "አያ ገነነ፣ በማርያም ይተዉት! ወፍጮ ነው!"

ሰው ሳቀ። አያ ገነነም መዶሻቸውን ተደግፈው፣ "አንቺ ደግሞ፣ ሰማዩም ወፍጮ ሳይመስልሽ አይቀርም" አሏት።

እሷ ግን ተንበርክካ አፈሩን በጣቷ ጫፍ ገፋ ገፋ አደረገች። መሀሉ ጎድጎድ ብሏል። ጉድጓዱም የጎርፍ አይደለም፤ ጎርፍ እንዲህ አድርጎ ከወዲያ ወዲህ አይስልም። "ሰው ፈጭቶበታል" አለች ቀስ ብላ።

አያ ገነነ ቀልደኛ እንጂ ክፉ ሰው አይደሉም። ፊቷን አይተው ሳቃቸውን ተዉ። በቃሬዛ አስጭነው፣ አራት ሰው ተፈራርቆ ደጇ አደረሰላት።

ጎረቤቷ ሰብለ ድንጋዩን ስታይ በጀሪካን ውሃ ይዛ መጣች። "አፈሩን እንጠብለትና መልኩን እንየው" አለች።

"ተይ፣ ውሃ አታስነኪው።"

"ለምን?"

"የሰው ወፍጮ ነዋ። ወፍጮ ይጠረጋል እንጂ አይታጠብም። ከረጠበ ዱቄቱ ይጋገርበታል። ደግሞ እኔ የሰው ወፍጮ ባለቤቱ ሳትፈቅድ ምኑንም ነክቼ አላውቅ።"

ሰብለ ሆዷን ይዛ ሳቀች። "ባለቤቷ የታለች?"

"እኔ ምን አውቃለሁ? የትም ትሁን" አለችና አሮጌ ጆንያ አልብሳ ከጎጆዋ ጥላ ሥር አስቀመጠችው።

በእርከኑ ሥራ ላይ የነበረው የግብርና ባለሙያ ድንጋዩን በስልኩ አንስቶት ነበር። ፎቶው ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ ባሕር ዳር ደረሰ፤ የጥንት ሰዎች አሰፋፈር የምታጠና ሜላት የምትባል ወጣት እጅ ገባ። በመጋቢት፣ በጾሙ አጋማሽ፣ አቧራ ለብሳ ደብተርና ካሜራ ይዛ ከባንቺአየሁ ደጅ ቆመች። ገና ሰላምታው ሳያልቅ፣

"እማማ፣ ድንጋዩን አጥበውታል?" አለች።

ባንቺአየሁ ጥፋት የሠራች መሰላት። "አላጠብኩትም፣ ልጄ። አጥበሽ አስቀምጪው ያለኝ አልነበረም እንጂ…"

ሜላት ሣሩ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። "ተመስገን! እንኳን አላጠቡት!" ትንፋሿን ሰብስባ ነገሩን አስረዳቻት። በድንጋዩ ቀዳዳዎች ውስጥ ዓይን የማያየው የእህል ቅሪት ዘመናት አልፎት ሊቆይ ይችላል። ብዙ ጊዜ ግን ገበሬ ሲያገኘው አሳምሮ አጥቦ አጥኚዎቹን ይጠብቃቸዋል፤ ያን ጊዜ ድንጋዩ የሚናገረው ነገር አብሮ ታጥቦ ይሄዳል።

ሜላት በጓንት አፈሩን በትንንሽ ብልቃጥ ሰበሰበች፤ ለካች፤ ጻፈች። ባንቺአየሁ ቆማ ስታይ ቆይታ በኋላ አላስችል አላት።

"ልጄ፣ ቅር ካላለሽ አንድ ነገር ልበል?"

"ይበሉ እንጂ፣ እማማ።"

"የእኛ ወፍጮ በጭቃ መደብ ላይ ነው የሚተከል፤ ቆመን፣ ጎንበስ ብለን እንፈጫለን። የዚህ ግን ሆዱ ክብ ነው፤ መደብ ላይ ቢወጣ ይንከባለላል። መሬቱን ጫር አድርገው ነው ያስቀመጡት። ሴትዮዋ ተንበርክካ ነው የምትፈጭ።" ራሷም ተንበረከከች፤ የራሷን ወፍጮ መጅ፣ የላይኛውን መፍጫ ድንጋይ፣ አንስታ ከድንጋዩ በላይ አየር ላይ ወዲያና ወዲህ አደረገች። "እይው፤ በግራ በኩል ነው ይበልጥ የጎደጎደ። ክንዷ ወደ ግራ ያደላል። ግራኝ ሳትሆን አትቀርም።"

ሜላት እስክሪብቶዋን ይዛ ቀረች። "እኔ ድንጋዩ ያዘነበለ መስሎኝ ነበር።"

"ይኼን ደግሞ እይው።" ባንቺአየሁ በጣቷ ሳትነካ አመለከተች። "ተወቅሯል። ግን ብረት አልነካውም። የብረት ነጥብ ጠባብና ጥልቅ ነው። ይኼ ሰፋ፣ ደብዘዝ ያለ ነው፤ በድንጋይ ነው የተወቀረ።" ከዚያ ድምጿ ተለወጠ። "ወቃሪ ነበረቻቸው ማለት ነው።"

 ከዚያ ባንቺአየሁ ስለ ጥንቱ ሰው ጠየቀች፤ ሜላትም እያዋዛች ነገረቻት። ሰው ብዙ ዘመን አውሬ እያደነ፣ የዱር ፍሬና የዱር እህል እየለቀመ ሲዞር እንደኖረ፤ ቀስ በቀስ ዘር መዝራት፣ ከብት ማላመድ እንደጀመረ፤ ከዚያ መንደር፣ ከመንደር ከተማ፣ ከከተማ መንግሥትና ጽሕፈት እንደመጣ። በግብፅ፣ በጤግሮስና በኤፍራጥስ መካከል፣ ኋላም በእኛው በአክሱም። "የነገሥታቱን ስም ድንጋይ ላይ ተጽፎ እናገኘዋለን" አለች ሜላት። "ዱቄቱን የፈጨችውን ግን የጻፈላት የለም። እሷን የምናውቃት፣ ይኼው፣ እንዲህ ሲገጥመን ነው።"

"መቼ መዞር እንደተዉ በምን ታውቃላችሁ?"

"ከባዱ ጥያቄ እሱ ነው፣ እማማ።"

ባንቺአየሁ ድንጋዩን አየችው። አራት ሰው ተፈራርቆ ነው ያደረሰው። "ይኼን ተሸክሞ የሚዞር ማን አለ?" አለች። "ይቺ ሴት ቤት ነበራት።"

ሜላት ጻፈችው። "ዕድሜውን ሳይመረመር አልናገርም፤ ግራኝ መሆኗንም ማረጋገጥ ይቸግራል። ግን ያሉኝን አንድም ሳላስቀር እጽፋለሁ" አለች።

እንግዳዋ ከሄደች በኋላ ባንቺአየሁን አንድ ነገር እረፍት ነሳት። "ቤት ነበራት" ያለችው ቃል ወደ ራሷ ዞረ። ልጅ አዝላ ዋርካ ሥር የተቀመጠችው ሴት ቤት አልነበራትም። ሰው ነው የሰጣት። ከእመት ይታገሱ ጋር ሠላሳ ዓመት ስትኖር በዓል በመጣ ቁጥር እንኳን አደረስዎ ብላለች፤ ሲታመሙ አስታማለች፤ ያን የጥጃ ቤት ነገር ግን አንስታ አመስግናቸው አታውቅም። እያፈረች ሲዘገይ፣ ሲዘገይ ደግሞ እያፈረች ዘመኑ አለፈ።

በማግሥቱ ጠዋት ቤታቸው ገባች። እመት ይታገሱ ዓይናቸው ደክሟል፤ ከቤቱ መደብ ላይ ጋቢ ተከናንበው ፀሐይ ወደሚመጣበት ዞረው ተቀምጠዋል።

"ማነሽ? ባንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ፣ እመት።" ወደቀችና ጉልበታቸውን ሳመች። "ያን ጊዜ ባያስጠጉኝ እኔም ልጆቼም የት እንወድቅ ነበር? እስተ ዛሬ አፌን ሞልቼ አላመሰገንኩዎትም። እግዜር ይስጥልኝ። ምን አይተው ነው ያስጠጉኝ?"

እመት ይታገሱ ራሷን ዳበሱ፤ ከዚያ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

"ምን አያለሁ? ወፍጮዬን ደህና አድርገሽ ወቀርሽው። ደግሞ ሲለሰልስ የት አባቴ ልፈልግሽ? ለራሴ ብዬ ነው እንጂ አንቺን ብዬ መሰለሽ?"

ባንቺአየሁም እንባዋ እየወረደ ሳቀች። የዚያን ለት ከሳቸው ጋር ዋለች፤ ስለ ድንጋዩ ከሥሩ ጀምራ አጫወተቻቸው። ግራኟ ሴት ላይ ስትደርስ እመት ይታገሱ አቋረጧት፤ "እናቴም ግራኝ ነበሩ" አሉ፤ ይህንንም ሲሉ በሠላሳ ዓመት የመጀመሪያው ነበር።

ውጤቱ ዘገየ። ክረምቱ ገባ፤ መንገዱም ተዘግቶ ሰነበተ። በኅዳር ሜላት ደወለች። መስመሩ ይቆራረጥ ስለነበር ያምሮት ከቡሬ ለዕረፍት መጥታ ስልኩን ከፍ አድርጋ ያዘችላት።

"እማማ፣ የእህል ቅሪት ተገኝቶበታል! የምን እህል እንደሆነ፣ ዘመኑም ስንት እንደሆነ ገና እየተሠራ ነው። ቢታጠብ ኖሮ ግን ይኼም አይገኝም ነበር።"

ከሳምንት በኋላ አራት ገጽ ወረቀት ተላከላት። ያምሮት ደጅ ተቀምጣ ጮክ ብላ አነበበችው፤ አንድ ቦታ ላይ ስትደርስ ቆመች።

"ምነው?" አለች እናቷ።

"'ከባለሙያዋ ከወይዘሮ ባንቺአየሁ እንደተረዳነው' ይላል።"

"ባለሙያዋ? ወጥ ሠርቼ አበላኋት እንዴ?"

"እንደዚያ አይደለም፣ እማ። ዐዋቂ ማለቱ ነው። እኔን ባለሙያ እንደሚሉኝ።"

ባንቺአየሁ ወረቀቱን ተቀብላ፣ ማንበብ ባትችልም፣ ያምሮት ጣቷን ያሳረፈችበትን ቦታ ብዙ ጊዜ አየችው። "አባቴ ይኼን ቢሰሙ ምን ይሉ ነበር" አለች። ከዚያ ወደ ሰከላ አቅጣጫ ዞራ ለአባቷ ነፍስ ይማር አለች።

ወሬው በመንደሩ ሲዳረስ ሰው ድንጋይ ማምጣት ጀመረ። መጀመሪያ የመጡት አያ ገነነ ናቸው፤ በአህያ ጭነው። ባንቺአየሁ ዳበሰችው፤ ተራ ድንጋይ ነበር። "ሰው አልነካውም፣ አያ ገነነ" አለች። እሳቸውም እንዳላፈሩ ሆነው፣ "እኔም ልፈትንሽ ብዬ ነው" አሉ፤ ጠላ ቀርቦላቸው ጠጡ። ከዚያ ወዲህ ከየአቅጣጫው ይመጣል። ይዞ ከመጣው ሰው አንዱንም ሳታስቀምጥና ሳታበላ አትመልስም። እስከ ጥምቀት ድረስ ካየቻቸው ሁሉ ሁለቱ ብቻ የሰው እጅ አለባቸው፤ ሁለቱንም ውሃ ሳታስነካ በጆንያ ሸፍና ለሜላት አስደወለች።

ፀሐይ ሲሞቅ እመት ይታገሱን ደግፋ ወደ ጓሮ ታወጣቸዋለች። አሮጊቷ ከመጣው ድንጋይ ሁሉ ላይ መዳፋቸውን እያሳለፉ ይፈርዳሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ይሳሳታሉ። ባንቺአየሁ አታርማቸውም።