የውጅግራው ባላ

ውበቱ ቆሞ የሚተኩስ ሰው ነበር። ከመካነ ሰላም ወዲያ፣ ደንቆሮ ጫካ አፋፍ ላይ ባለችው መንደራቸው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሌላው አዳኝ ድንጋይ ይፈልጋል፣ ግንድ ይፈልጋል፣ በሆዱ ይተኛል። ውበቱ ግን ከአባቱ የወረሰውን ውጅግራ ጠመንጃ ትከሻው ላይ ያደርግና ትንፋሹን ውጦ ይተኩሳል። ድኩላው ይወድቃል። ሚስቱ አልታዬ ሰው ፊት ሳይቀር “የኔ ሰው እጁ ድንጋይ ነው” ትል ነበር።

ጎረቤቱ ኑርሁሴን አናጢ ነው። ሞፈርና ቀንበር ይጠርባል፣ የተሰበረ የጠመንጃ ሰደፍ ይተካል። እሱም አልፎ አልፎ ያድናል፤ ጠመንጃውን የሚያሳርፈው ግን ራሱ በጠረባት፣ ጫፏ መንታ በሆነች ባላ ላይ ነው። አንድ ዓመት በሰርግ ላይ ኢላማ ሲተኮስ፣ ኑርሁሴን ባላዋን መሬት ላይ ተክሎ፣ ተንበርክኮ አነጣጠረ። ውበቱ ጠላው ሞቅ አድርጎት ነበርና፣

“እናንተ፣ ይኸ ሰው ሊተኩስ ነው ወይስ ሊመረኮዝ?” ብሎ ጮኸ።

ሰርገኛው በሳቅ ፈረሰ። ኑርሁሴን ኢላማውን መታ፤ ግን ማን አየለት? ከዚያ ቀን ወዲህ ስሙ “ባለምርኩዙ” ሆኖ ቀረ። ውበቱም ስሙ ሲጠራ በሰማ ቁጥር ደስ ይለው ነበር።

ስልሳ አምስት መጣ። በልጉ ቀረ። ያለፈው ክረምትም አጭር ስለነበር ጎታው ቀድሞ ተራቁቶ ነበር። በጉ ሄደ፣ በሬው ሄደ፣ በመጨረሻ ለዘር የተቀመጠው ገብስ ተበላ። ውበቱ ግን ጫካ አለኝ፣ ጠመንጃ አለኝ፣ ጥቂትም ቢሆን ጥይት አለኝ ብሎ አልሰጋም። ፋሲካ ካለፈ በኋላ አንድ ጠዋት ወጣና አንድ የአስታ ዛፍ ሥር ድኩላ አገኘ። ጎኑን ሰጥቶ የቆመ፣ ቅርብ ነው። ጠመንጃውን አነሳ። አፈሙዙ ነፋስ እንዳገኘው ሸንበቆ ተወዛወዘ። ትንፋሹን ዋጠ፤ አሁንም ይወዛወዛል። የሚንቀጠቀጠው የገዛ እጁ መሆኑን ለማመን ጊዜ ወሰደበት። ቢሆንም ተኮሰ። ድኩላው የኋላ እግሩን እየጎተተ ገደል ገባ። ውበቱ ደሙን ተከትሎ ቢሄድም አላገኘውም።

ቤት ሲገባ አልታዬ ባዶ እጁን አየች።

“አውሬው ሁሉ ወደ ቆላ ወርዷል” አላት።

ተኩሱን ሰምታ ነበር። መስማቷን ደግሞ እሱ ያውቃል። ልጃቸው ብርሀንነሽ “አባዬ፣ ነገስ?” ስትለው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

በማግስቱ በኑርሁሴን ደጅ አለፈ፤ ተመልሶ ደግሞ አለፈ። ኑርሁሴን ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ነበር። ጉንጩ ወደ ውስጥ ገብቷል።

“ኑሬ፣ እንዴት ነህ?”

“አልሀምዱሊላህ። ና ግባ እንጂ።”

“አልገባም። ይኸ ሰደፍ ትንሽ ላልቶብኝ ነው።”

ኑርሁሴን ጠመንጃውን ተቀብሎ ሰደፉን ነቀነቀው። አልላላም። ቀና ሲል የውበቱን እጅ አየ። ውበቱ እጁን ጋቢው ውስጥ ከተተ።

“ባላ ፈልገህ ነው?” አለው ኑርሁሴን። ሚስቱ ዓሊማ ከውስጥ እንዳትሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር። ያ ዝቅ ያለ ድምፅ ውበቱን ከስድብ ይልቅ ወጋው። መሬት መሬት እያየ ራሱን ነቀነቀ።

ኑርሁሴን ገብቶ ባላዎች ይዞ ወጣ። “ይኸ ወይራ ነው፣ አይሰበርም። ግን ለዛሬ ክንድህ ይከብዳል። ይኸኛው ደግሞ ቀርከሃ ነው፣ ቀላል ነው፤ ብረት ሲነካው ግን ይጮኻል። ድኩላው ከጥይቱ በፊት ይሰማሃል።” የመጨረሻዋን ገልበጥ አድርጎ አያት። የአምጃ እንጨት ናት፤ መንታዋ ላይ የፍየል ቆዳ ከነጠጉሩ ተሰፍቶባታል። “ይቺ ድምፅ የላትም። አፈሙዙንም አታንሸራትትም።”

ውበቱ አወቃት። የሰርጉ ዕለቷ ናት።

“ቆመህ ነው ወይስ ተንበርክከህ የምትተኩሰው?”

“ተንበርክኬ” አለ ውበቱ፣ በማይሰማ ድምፅ።

“እንግዲያው ቁመቷ ልክ ነው። እስቲ ሞክራት።”

ውበቱ በጠራራ ፀሐይ በሰው ደጅ ተንበረከከ። በዚያች ሰዓት ቸኮል የሚባል ጎረቤታቸው በመንገዱ አለፈ፤ ቆሞ አየው። አልሳቀም። ለመሳቅም ጉልበት ያስፈልጋል። ውበቱ ግን ጆሮው ድረስ ጋለ።

“አብሬህ ልሂድ” አለ ኑርሁሴን። “የኔን ጠመንጃ ለእህል ሰጥቻታለሁ። ኑርጃን ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አልተነሳችም።” ኑርጃን ትንሿ ልጁ ናት።

መንገድ ላይ ሁለቱም የሚያስቡት አንድ ነገር ነበር። የክርስቲያን ቢላ ያረፈበትን እስላም አይበላም፣ የእስላሙንም ክርስቲያን አይበላም። ውበቱ ቀደም ብሎ፣ “ሁለት ካገኘን አንዱን አንተ ትባርካለህ፣ አንዱን እኔ” አለ።

“አንድ ከሆነስ?”

“አንድ ከሆነ አንተ ባርክ። ባላዋ ያንተ፣ ልጅህም የተኛች። የኔዎቹ ይሰነብታሉ።”

ከልቡ ነበር የተናገረው።

ድኩላው ከቀትር በኋላ ከቁጥቋጦው ወጣ። ውበቱ ባላዋን ተክሎ ተንበረከከ። አፈሙዙ ጠጉሩ ላይ ሲያርፍ ዝም አለ፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ብረቱ ግን አይንቀሳቀስም። ተኮሰ። ድኩላው ወደቀና መሬቱን መርገጥ ጀመረ። ነፍሱ ሳትወጣ መድረስ ያስፈልጋል። ሁለቱም ሮጡ። ኑርሁሴን ቢላውን መዝዞ እየሮጠ ነበር፤ ግን ጉልበቱ ከዳው፣ ከኋላ ቀረ። ውበቱ ቀድሞ ደረሰ።

መጠበቅ ይችል ነበር። ድኩላው ገና ይራገጣል። የኑርሁሴን ትንፋሽም ከኋላው ይሰማዋል። ውበቱ ግን ብርሀንነሽ “ነገስ?” ስትል ታየችው፤ ስጋውም፣ ቅባቱም ታየው። “በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ” አለና አረደው።

ኑርሁሴን ደርሶ ደሙን አየ። ቢላውን ወደ ሰገባው መለሰ። ገፍፈው ሲጨርሱ ግን ስጋውን በቆዳው ጠቅልሎ፣

“ና፣ ላሸክምህ” አለው። አሸከመውም።

ያን ዕለት አልታዬና ብርሀንነሽ በሉ፤ ውበቱም በላ። ከጠገበ በኋላ ነበር ቀና ማለት ያቃተው። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ውጅግራውንና ባላዋን ይዞ፣ ዛሬ የሚገኘው ሁሉ ያንተ ነው ሊለው ወደ ኑርሁሴን ቤት ሄደ። በሩ በጠፍር ታስሯል።

“በአቀስታ አድርገው ወደ ደሴ ሄዱ፣ እዚያ እህል ይታደላል ብለው” አለው ቸኮል። “ልጅቷን አዝለዋት ነበር።”

ሁለት ዓመት አለፈ። ንጉሡ ወረዱ፣ መሬት ላራሹ ታወጀ፤ መንደሩም የገበሬ ማኅበር አቋቁሞ ውበቱን ከሸንጎው አስገባው። መሬት ሲደለደል ተራው የኑርሁሴን ማሳ ላይ ደረሰ።

“ባለቤቱ የለም፣ ለሌላ ይሰጥ” አሉ።

“ይመጣል” አለ ውበቱ።

“በምን አወቅህ?”

“እስኪመጣ እኔ አርስለታለሁ። ምርቱም ይቀመጥለታል።”

አንዱ ከጥግ፣ “ማሳው አምሮት ነው” አለ። ሰው ሳቀ። ስለ ማሳው ሐሜት ነበር፤ ውበቱ ግን በድኩላው ነገር ስድቡ የሚገባው ሆኖ ተሰማው።

ኑርሁሴንና ዓሊማ ክረምቱ ሲወጣ ተመለሱ። ሁለት ብቻ ነበሩ። ኑርጃን መንገድ ላይ፣ አቀስታ ሳይደርሱ ነበር ያረፈችው። ውበቱ ሰምቶ ሲሮጥ ሄዶ፣ ደጃቸው ላይ ቆመ።

“ኑሬ፣ ያን ቀን…”

“ርሀብ ነበር ውበቱ” አለ ኑርሁሴን ቶሎ ብሎ። “እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር።”

“ማሳህ እንዳለ ነው። ገብሱም ተቀምጦልሃል።”

“ሰምቻለሁ። አላህ ይስጥህ።”

ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ተጎራብተው ኖሩ። በደቦ አብረው አጨዱ፣ በለቅሶ አብረው ቆሙ። የዚያን ቀን ነገር ኑርሁሴን አንድም ቀን አላነሳበትም። አልታዬ ባሏ ደጅ ተቀምጦ ሲተክዝ ስታየው፣ “እሱ ራሱ እኔም ብሆን ብሎህ የለ? ምን ያብሰለስልሃል?” ትለዋለች።

“እሱማ አለ” ይላታል ውበቱ። “እሱ ቢሆን ግን ይጠብቀኝ ነበር።”